ሳትጋቡ ወልዳችሁ እናቱ «ልጁን አላሳይም» ካለችህ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የምትሄድበት መንገድ በቅደም ተከተል

ደሴ ላይ ክስና ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ አባት ከፊቴ ይቀመጣል። ንግግሩ ተመሳሳይ ነው፦ «ልጄን ከልክላኛለች፤ ክሰስልኝ።» የልደት ምስክር ወረቀቱን አምጣ ስለው ግንባሩን ያካል። ቀለብ የሰጠህበት ደረሰኝ ስለው «በእጄ ነው የምሰጣት፤ ደረሰኝ ምን ያደርጋል?» ይላል። በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ልታየው ትፈልጋለህ ስለው ደግሞ ዝም ይላል።

እነዚህ ሦስቱ ናቸው አባቶችን የሚጥሉት። ቅደም ተከተሉን ካልያዝክ እውነት ይዘህም ትሸነፋለህ።

ከመነሳትህ በፊት፦ የምትጠይቀውን ለይ

ሦስት ነገሮች ይምታታሉ። አሳዳሪ ማለት ልጁ አብሮት የሚኖር፣ ጤናውንና አስተዳደጉን የሚከታተል ሰው ነው። ሞግዚት ማለት የልጁን ንብረትና ገንዘብ ነክ ጉዳይ የሚጠብቅና በስሙ የሚፈርም ነው። ቤት የምትቀጥረውን ሞግዚት እርሳት። ሦስተኛው የመጎብኘት መብት ነው፤ ልጁ ከእናቱ ጋ እየኖረ አንተ በተወሰነ ቀንና ሰዓት ታገኘዋለህ።

የ2 ዓመት ሕፃን ከእናቱ ጋ በደህና እየኖረ «አሳዳሪ እኔ ልሁን» ብለህ ብትነሳ ብዙ ጊዜ ጉልበትህን ትጨርሳለህ። መጎብኘትን አጥብቀህ ጠይቅ። እናቱ ከሌለች፣ ከታመመች ወይም ልጁ ችግር ላይ ከሆነ ግን አሳዳሪነቱን ጠይቅ።

«ሳትጋባ ስለወለድክ መብት የለህም» የሚልህን አትስማ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለውም ያው አንቀጽ ይደነግጋል። ልብ በል፦ መብቱ የተጻፈው በልጁ ስም ነው። ክስህም «እኔ አባቱ ስለሆንኩ» ከማለት «ልጁ አባቱን ማግኘት ስላለበት» ቢል ይሻልሃል።

ደረጃ 1፦ አባትነትህን በወረቀት አስጨርስ

ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ባልና ሚስት ሲሆኑ ሕጉ ባልየውን አባት ነው ብሎ ይገምታል። አንተ ጋ ይህ ግምት የለም፤ ወይም ካለም በማስረጃ ማቆም አለብህ። አራት ሁኔታ ሊገጥምህ ይችላል።

ሀ. ስምህ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ አለ። እሰየው። ወረቀቱ እናቱ እጅ ከሆነ ልጁ የተመዘገበበት ቀበሌ ወሳኝ ኩነት (ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገብበት ቢሮ) ሄደህ ተተኪ ወይም የተረጋገጠ ቅጂ ጠይቅ።

ለ. ልጁ ጭራሽ አልተመዘገበም። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ካለፈም ይመዘገባል፤ ምልልሱ ግን ይበዛል። መታወቂያህን፣ የክትባት ካርዱን ወይም ከወለደችበት ጤና ተቋም የሚሰጥ ማስረጃ ይዘህ ከእናቱ ጋ አብራችሁ ቅረቡ። ስምህ እንዲገባ አንተው ራስህ ተገኝ። «ወንድሜ ይፈርምልኝ» አይሠራም።

ሐ. ተመዝግቧል፣ የአባት ስም ቦታ ግን ባዶ ነው ወይም የአያቱ ስም ገብቶበታል። ይህ በጣም ይበዛል። እናትየው ከተስማማች «ልጅነትን መቀበል» የሚባለውን ፈጽም። በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ። ሰርግ ላይ «ልጄ ነው» ብለህ ማስተዋወቅህ አይቆጠርም፤ ለምስክርነት ግን ይጠቅምሃል። እናትየው «አዎ፣ አባቱ እሱ ነው» ማለቷ የግድ ነው። አንዴ ከተቀበልክ በኋላ ደግሞ ስትጣሉ «ተውኩት» የሚባል ነገር የለም።

መ. እናትየው አባትነትህን ክዳለች። እዚህ ላይ ቀበሌ ምንም አይፈይድልህም፤ ነገሩ የፍርድ ቤት ክርክር ይሆናል። እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ስትኖሩ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ከሆነ ይህን አጥብቀህ ያዝ፤ ሕጉ ለእንዲህ ዓይነቱ ግንኙነትም የአባትነት ግምት ይሰጣል። አከራዮቻችሁን፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው አስመስክር። ልጁ በዘመድ አዝማድ ዘንድ የአንተ ልጅ ሆኖ የታወቀ መሆኑም ማስረጃ ነው። የዲኤንኤ ምርመራ ከፈለግክ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝልህ ጠይቅ። ፀጉሩን ቆርጠህ በግል ብታስመረምር ሌላ ጣጣ ታመጣለህ።

ማስጠንቀቂያ፦ ልጁ ሲፀነስ ወይም ሲወለድ ሌላ ባል ካላት ሕጉ ባሏን ነው አባት የሚለው። ይህን መስበር ጠባብ በር ነው። ያለ ጠበቃ አትጀምረው።

ደረጃ 2፦ ቀለቡን ዛሬ ጀምር

ክስ ከመክፈትህ በፊት ቢያንስ ጥቂት ወራት በደረሰኝ የተደገፈ ቀለብ ይኑርህ። ትንሽ ይሁን፤ ሳይቋረጥ በየወሩ ይሂድ። በየወሩ 1,500 የሚልክ አባት፣ ለዓረፋ አንዴ 10,000 ሰጥቶ ከጠፋው በተሻለ ዓይን ይታያል።

በእጅ አትስጥ። በባንክ ወይም በቴሌብር ላክ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «የጥቅምት ቀለብ» ብለህ ጻፍ። ስክሪንሾት አንሳና ለሌላ ሰው ላክለት፤ ስልክ ይጠፋል። ጫማና ደብተር ስትገዛ ደረሰኙን አትጣል።

ገንዘቡን ብትመልሰውስ? በልጁ ስም የቁጠባ ሒሳብ ከፍተህ አስገባ። የመለሰችበትንም መልእክት አስቀምጥ።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ ያዝ። «ካላሳየችኝ አልከፍልም» አትበል። ቀለቡ የልጁ ነው፤ የእሷ ኪራይ አይደለም። ዳኛ ፊት ይህን ስትል ክሱን በራስህ አፍ ትገድለዋለህ። እሷም «ስላልከፈለ አላሳየውም» ማለት አትችልም። አንዱ በሌላው አይካካስም።

ደረጃ 3፦ ፋይልህን አዘጋጅ

አንድ ክላሰር ግዛ። ከዚህ በታች ያሉትን ዋናውንና ሁለት ሁለት ቅጂ አድርገህ አስገባ፦

- የልደት ምስክር ወረቀት ወይም አባትነትህን የሚያሳየው ሰነድ
- የቀለብ ማስረጃ፣ በወር ቅደም ተከተል
- የቀበሌ መታወቂያህ
- የሥራና የገቢ ማስረጃህ፤ የቀን ሠራተኛ ከሆንክ የሚያውቅህ ሰው ምስክር ይሁን
- የምትኖርበት ቤት ኪራይ ውል ወይም የቤተሰብ ቤት መሆኑን የሚያስረዳ ነገር
- ከልጁ ጋ የተነሳኸው ፎቶ፣ ቀኑ ከጀርባው የተጻፈበት
- እናቱ ልጁን የከለከለችባቸው መልእክቶች፣ ታትመው
- የሦስት ወይም አራት ምስክሮች ሙሉ ስምና አድራሻ

ምስክር ስትመርጥ እናትህን ብቻ አታምጣ። ሁለታችሁንም የሚያውቅ፣ ከማናችሁም ጋ ያልተጣላ ጎረቤት ከሦስት አጎት ይበልጣል። ምስክሬ ብለህ ከመቁጠርህ በፊት ደግሞ ጠይቀው። ችሎት ቀን «እኔ ነገር ውስጥ አልገባም» ያለ ምስክር አይቻለሁ፤ ሰውየውን ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ሲፈልጉት ዋሉ።

ደረጃ 4፦ ሽማግሌ አስቀድም፤ ስምምነቱን ግን በአፍ አትተው

ወሎ ላይ ሽማግሌ ሳይላክ ፍርድ ቤት መሮጥ ነውርም ነው፣ ኪሳራም ነው። ክስ የተከሰሰች እናት ትጠነክራለች፤ ቡና ተፈልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ የተጠየቀች ግን ብዙ ጊዜ ትለሳለሳለች። የእሷ ወገን የሚያከብራቸውን ሁለት፣ ያንተን ወገን አንድ ሰው ላክ። አንተ ራስህ መጀመሪያው ቀን አትሂድ።

ሽማግሌዎቹ «በሳምንት አንዴ ይየው» ብለው ካስማሙ በወረቀት አስፍሩት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ልጁን የምትረከብበትና የምትመልስበት ቦታ፣ የቀለቡ መጠን። ሁለታችሁም፣ ሽማግሌዎቹም ፈርሙ። ከዚያ ፍርድ ቤት አቅርባችሁ አጸድቁት። የጸደቀ ስምምነት እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ያልጸደቀው እሷ የተናደደች ቀን ይቀደዳል።

ሁለታችሁም ሙስሊም ከሆናችሁ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም ሊያየው ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለታችሁም ስትስማሙ ነው። አንዳችሁ «አልፈልግም» ካላችሁ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው።

እምቢ ካለች? ሽማግሌ የሄደበትን ቀንና የሽማግሌዎቹን ስም ጻፍ። ክስህ ላይ አንድ መስመር ይሆንልሃል።

ደረጃ 5፦ ፍርድ ቤቱን አትሳት

እንዲህ ያለ ጉዳይ በአብዛኛው የሚጀምረው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ክስ የሚቀርበው ተከሳሽ በምትኖርበት ቦታ ነው። አንተ ደሴ ሆጤ ብትኖር፣ እሷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየሠራች እዚያው ከሆነች የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ትከሳለህ። ደሴ ከፍተህ ሦስት ወር ቆይተህ «ሥልጣን የለንም» ስትባል ያወጣኸው ሁሉ ይባክናል።

ሁለተኛው ስህተት የሕጉ ቁጥር ነው። ከኢንተርኔት የሚቀዳው የክስ ናሙና ብዙውን ጊዜ የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ይጠቅሳል። እሱ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉት አማራ ክልል ነው፤ ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ይዘታቸው ይቀራረባል፤ አንቀጽ ስትጠቅስ ግን የክልሉን አውጥተህ ተመልከት።

ገንዘብ ከሌለህ የዳኝነት ክፍያ ሳትከፍል በደሃ ደንብ እንድትከስ ማመልከት ትችላለህ። ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ያዝ። ለምክር ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ሄደህ ስለ ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቅ። የከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤትንም «የሴቶች ነው» ብለህ አትሽሽ፤ የሕፃናትም ነው።

ደረጃ 6፦ ክሱን በሰዓት ጻፍ

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራውን እንደጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ሹፌር ክስ ጻፍኩ። ዳኝነቱ ላይ፣ ማለትም ከፍርድ ቤቱ የሚጠየቀው በሚጻፍበት ቦታ፣ «ልጄን በየጊዜው እንዳየው ይወሰንልኝ» አልኩ። ተወሰነለትም፦ «አባት ልጁን በየጊዜው ይጎብኝ።» ሰውየው ፍርዱን ይዞ በሩን አንኳኳ። እናትየው ምን አለች? «ለዓረፋ አይተኸው የለ? ለመውሊድ ና። ይሄም በየጊዜው ነው።» አፈጻጸም (ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም የሚጠየቅበት መዝገብ) ቢከፍትም ምን ይፈጸም? ፍርዱ ውስጥ ቀንም ሰዓትም የለ። እንደገና ከዜሮ ጀመርን። ያንን ክስ በነፃ ነው የጻፍኩት፤ ዕዳዬ ነበር።

ስለዚህ የምትጠይቀውን እንዲህ አድርገህ ዘርዝር፦

«ከሳሽ ልጁን ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3:00 ሰዓት ከተከሳሽ መኖሪያ ቤት በር ላይ ተረክቦ በዚያው ቀን ከቀኑ 11:00 ሰዓት በዚያው ቦታ እንዲመልስ፤ በየሳምንቱ ረቡዕ ከምሽቱ 1:00 እስከ 1:30 ሰዓት በስልክ እንዲያነጋግር፤ በክረምት የትምህርት ዕረፍት 15 ተከታታይ ቀናት ከከሳሽ ጋ እንዲያሳልፍ፤ በዓላትን በተመለከተ የበዓሉን ዋዜማ ከአንዱ፣ ዕለቱን ከሌላው ወላጅ ጋ በየዓመቱ እየተፈራረቀ እንዲያሳልፍ፤ ተከሳሽ የመኖሪያ አድራሻ ስትቀይር ለከሳሽ በጽሑፍ እንድታሳውቅ እንዲወሰንልኝ።»

የመጨረሻዋን ሐረግ አትዝለላት። እናትየው አድራሻ ቀይራ ብትጠፋ የምትይዘው ያችን ሐረግ ነው።

ልጁ ጡት የሚጠባ ከሆነ 8 ሰዓት ሙሉ አትጠይቅ። በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት፣ እናቱ ወይም አያቱ ባሉበት ጠይቅና 3 ዓመት ሲሞላው እንዲሰፋ አድርገህ ጻፍ። ዳኛ ልከኛ ጥያቄ ይወዳል።

አሳዳሪነትን የምትጠይቅም ብትሆን በአማራጭ የመጎብኘቱን መርሐ ግብር ጨምር። ዋናው ቢቀር ባዶ እጅህን አትመለስም። የማስረጃና የምስክር ዝርዝሩን ከክሱ ጋ አያይዝ። «በኋላ አቀርባለሁ» ያልከው ማስረጃ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል።

መዝገቡ እስኪያልቅ መጠበቅ ካቃተህ ጊዜያዊ ትዕዛዝ በተለየ ማመልከቻ ጠይቅ። ልጁን ካየኸው ወራት እንዳለፈ በቀን ቆጥረህ ጻፍ።

እናቱ አረብ አገር ከሆነች

ይህ የኛ አገር ነገር ነው። እናት ሳዑዲ ወይም ቤሩት፣ ልጁ አያቱ ጋ፣ አባት በር ላይ። ብዙ አባቶች «እናቱ ከሌለች የኔ ነው» ብለው አያትየውን ይጋፈጣሉ። ተሳስተዋል።

በ2000 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (የበታች ፍርድ ቤቶች የሕግ ስህተት የሚታረምበት የመጨረሻው ችሎት) በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ፍርድ ልብ በል። እናት ሞታለች፤ አባት በሕይወት አለ፤ ልጁን ግን ለዓመታት ያሳደገችው አክስት ነበረች። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባትየው ወሰኑ። ሰበሩ ሻረው። የወላጅነት መብት ብቻውን አይበቃም፣ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም ነው ብሎ አንቀጽ 36ን ጠቀሰ። የሰበር ትርጉም ደሴ ላይ ያለውንም ፍርድ ቤት ያስገድዳል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ፦

1. አያትየውን አታስቀይም። ልጁን የያዘችው እሷ ናት፤ ዳኛም ይሰማታል።
2. ከእናትየው ውክልና አላት ወይ ብለህ ጠይቅ። ካላት ቅጂውን ተመልከት። ውክልና አያትየውን ለእናት ወኪል ያደርጋታል እንጂ አባትን አያጠፋም።
3. እናትየውን በስልክ አነጋግረህ ከተስማማች በጽሑፍ ይሁን። በኢሞ ድምፅ «እሺ ውሰደው» ማለቷ አይበቃም።
4. ካልተስማማች ክስ ውስጥ እሷንም ልጁን የያዘችውንም ጥቀስ። አድራሻዋ ካልታወቀ መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ሊታዘዝ ይችላል፤ ጊዜም ገንዘብም ይበላል፣ ተዘጋጅ።
5. መጀመሪያ መጎብኘትን ጠይቅ። ልጁ ሲለምድህ፣ ያንተም አያያዝ ሲታይ አሳዳሪነቱን ለመጠየቅ መሬት ይኖርሃል።

ደረጃ 7፦ ችሎት ፊት

መጥሪያው ለእሷ መድረሱን ራስህ ተከታተል። መጥሪያ ካልደረሰ ቀጠሮው ይተላለፋል፤ ስንፍናውም ባንተ ይቆጠራል። በቀጠሮህ ቀን ጠዋት ቀድመህ ተገኝ። ቀርተህ መዝገቡ ከተዘጋ በ1 ወር ውስጥ በቂ ምክንያትህን አቅርበህ እንዲከፈት አመልክት። «ኮምቦልቻ ታክሲ ጠፋ» በቂ ምክንያት አይደለም።

ስትጠየቅ አጭር መልስ ስጥ። ስለ እናትየው ጠባይ፣ ከማን ጋ እንደታየች አትዘላብድ። ዳኛው የሚፈልገው ልጁ የት እንደሚተኛ፣ አንተ ሥራ ስትሄድ ማን እንደሚጠብቀው፣ ትምህርት ቤቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ነው። ማህበራዊ ባለሙያ ቤትህን ሊያይ ይችላል። ልጁ ከፍ ካለ እሱንም ሊጠይቁት ይችላሉ፤ አታስጠናው። ያጠና ልጅ ያስታውቃል።

ደረጃ 8፦ ፍርዱን ከያዝክ በኋላ

የፍርዱን ግልባጭ አውጣ። ቅር ካለህ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ ቀኑን ቁጠር።

ከተፈረደልህና ከከለከለችህ በሩን አትስበር። ከጓደኞችህ ጋ ሄደህ፣ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ይዘኸው ብትሄድ ፍርድ ያለው አባት የወንጀል ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። ይልቅ ቅዳሜ 3:00 ላይ አንድ ምስክር ይዘህ በሩ ላይ ቁም። ካልከፈተች ቀኑን ጻፍ፣ ሂድ። ሁለት ሦስት ቅዳሜ ከሆነ በኋላ የአፈጻጸም መዝገብ ክፈት። ፍርድ ቤቱ ቀርባ እንድታስረዳ ያዛታል፤ እምቢታዋን ከቀጠለች የምትጠየቅበት መንገድ አለ።

ሁኔታ ከተለወጠ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ወይም ከእናንተ አንዱ ከተማ ሲቀይር፣ መርሐ ግብሩ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። በራስህ አትቀይረው።

ለመጀመሪያዋ ቅዳሜ ጥቂት ነገር። ውሃና የሚቀየር ልብስ ያዝ። ሩቅ አትውሰደው፤ መናፈሻ ወይም እናትህ ቤት ይበቃል። ፀጉሩን አታስቆርጠው፣ ስሙን አትለውጥበት፣ ስለ እናቱ አትጠይቀው። ቢያለቅስ ደውልላት፤ ድምጿን ይስማ። መመለሻው 11:00 ከሆነ 10:45 ላይ በሩ ላይ ሁን። ከዚያ ደብተርህን አውጣና ጻፍ፦ ቀኑን፣ የተረከብክበትን ሰዓት፣ የመለስክበትን ሰዓት፣ በሩን ማን እንደከፈተ።